ሦስት ጥቅስ አምጡ

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ የቤት ሥራ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የልቦለድ ንባብ መምህራችን ክፍል ገብተው ሰሌዳው ላይ አጭር ትእዛዝ ጻፉ፤ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የማደግን ጭብጥ የሚያሳዩ ሦስት ጥቅሶች አምጡ፣ ለምን እንደመረጣችኋቸውም አስረዱ የሚል። ከ20 የሚያዝ ነበር። እኛም «ይሄማ ቀላል ነው» ተባብለን ወጣን። እኔ በበኩሌ አንድ ምሽት ብቻ ተቀምጬ ጨረስኩት። ሲመለስልኝ ከ20 ስምንት ነበር ያገኘሁት።

ወረቀቱ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ የተጻፈው አስተያየት ከውጤቱ ይልቅ አናደደኝ። «ጥቅሶችህ ስለ ማደግ ይናገራሉ እንጂ ማደግን አያሳዩም» ይላል። ምን ማለታቸው ነው? ስለ ማደግ የሚናገር ጥቅስ ካልሆነ ሌላ ምን ላምጣ? ያን ዕለት ማታ ዶርም ውስጥ ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ሳቁ፤ የእነሱም ከእኔ ብዙ አይሻልም ነበር። ለማንኛውም፣ መምህሩ እንደገና ጽፎ ማስገባት የሚፈልግ ካለ የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጡን። ሁለቱ ሳምንታት ደግሞ ከአረፋ በዓል ጋር ተገጣጠሙ። እኔ የቡታጅራ ልጅ ስለሆንኩ መጽሐፉን በቦርሳዬ ይዤ ከወልቂጤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ጭብጡ ጥቂት ልበል። አንድ ልጅ ከልጅነት ተነስቶ ራሱን የቻለ ሰው እስኪሆን ያለውን ጉዞ የሚተርክ ልቦለድ በጀርመንኛ «ቢልዱንግስሮማን» ይባላል። ብዙ ጊዜ እንደ ምሳሌ የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ጎተ እ.ኤ.አ. በ1795 እና በ1796 ያሳተመው የቪልሄልም ማይስተር ታሪክ ነው። ስሙ የውጭ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ለአቅመ አዳም ደረሰ»፣ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች»፣ «ነፍስ አወቀ» እንል የለ? «ነፍስ አወቀ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ሰው ነፍስ የሚያውቀው በየትኛው ቀን ነው? ማንም ቀኑን ጽፎ አያስቀምጥም። በኋላ ዞር ብሎ ሲያይ ነው የሚገባው። የጥቅስ ፍለጋውም ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሥራዬ ላይ የመረጥኳቸው ሦስት ጥቅሶች እንዲህ ያሉ ነበሩ። አንደኛው በዛብህ በትምህርቱ እየገፋ መሄዱን ተራኪው የሚነግረን ቦታ ነው። ሁለተኛው ለሰብለ ወንጌል ያለው ፍቅር የተገለጸበት ነው። ሦስተኛው ጉዱ ካሳ ስለ አገሩ ሥርዓት ከሚናገረው ረጅም ንግግር የቆረጥኩት ነው። ቃላቸውን እዚህ አልደግመውም። መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍት አለ፣ ራሳችሁ ብትፈልጉት ይሻላል። እንግዲህ ጥፋቴ ምን ነበር? የመጀመሪያው ጥቅስ የዕውቀትን ማደግ እንጂ የሰውን ማደግ አያሳይም። ሁለተኛው ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ ብቻውን ማደግ አይደለም። ሦስተኛው ጭራሽ የሌላ ሰው ቃል ነው። ጉዱ ካሳ ያን ጊዜ ያደገና የጨረሰ፣ በማሰቡም «ጉዱ» የሚል ስም የተለጠፈበት ሰው ነው። የእሱን ንግግር ቆርጬ «ይህ የበዛብህ ማደግ ነው» ማለቴ፣ የሌላውን ልጅ ፎቶ አምጥቶ «ይህ እኔ ነኝ» እንደ ማለት ነበር። ንግግሩ አምሮኝ ነው የወሰድኩት። ብዙዎቻችን ጥቅስ የምንመርጠው እንደዚህ ነው፤ በየታክሲው እንደምናነበው ጥቅስ፣ ማን ለማን እንደተናገረው ሳንጠይቅ።

ቡታጅራ እንደደረስኩ ለሁለት ቀን መጽሐፉን አልነካሁትም። በበዓል ሰሞን ቤታችን ምን እንደሚመስል የአገሬ ልጅ ያውቀዋል። የመስቀል ሰሞን ክርስቲያኑ፣ የአረፋ ሰሞን ሙስሊሙ ከየአለበት ይመጣል፤ ከመርካቶ፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ። ግቢው በሰው ይሞላል፣ ቆጮው ይጋገራል፣ ክትፎው ይከተፋል፣ ሕፃናቱ አዲስ ልብስ ለብሰው ይሯሯጣሉ። የሚመጣው ሰው ዝም ብሎ አይመለስም። የቤተሰብ ጉዳይ ሁሉ የሚያልቀው በዚያ ሰሞን ነው፤ የታመመው ይጠየቃል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ ወደ ከተማ የሚሄደው ልጅም ይወሰናል። በዚያ ዓመት ተራው የታናሽ ወንድሜ ነበር። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። አጎቴ «ሱቁ ሰው ይፈልጋል፣ ልውሰደው» ብሎ ጠይቋል። አባቴም እሺ ብሏል።

እኔ ይህን ነገር አውቀዋለሁ። እኔም በአሥራ ሁለት ዓመቴ መርካቶ ተልኬ ነበር። ሦስት ዓመት ዘመድ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ጠቅልያለሁ፣ ዕቃ ተሸክሜያለሁ፣ ሌሊት ሱቁ ውስጥ አድሬያለሁ። ማንም አልበደለኝም፣ በልቻለሁ፣ ለብሻለሁ። ግን ትምህርቴ ተቋረጠ። እናቴ ታማ ስጠራ መጥቼ በዚያው ቀረሁ። አምስተኛ ክፍል ስገባ የክፍሉ ትልቁ እኔ ነበርኩ፤ «አባባ» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። ዛሬም በዲፓርትመንታችን ከብዙዎቻችሁ በዕድሜ እንደምበልጥ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጉዳይ ለአባቴ አንድም ቀን ቃል ተንፍሼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ቤቱ ትንሽ ጸጥ ሲል፣ መጽሐፉን ይዤ ጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀመጥኩ። የበዛብህን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ አባባል በአጭሩ ደብተሬ ላይ ማስፈር ጀመርኩ። ወላጆቹ፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ ገና ሕፃን ሳለ ለእግዚአብሔር ተሳሉት። ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። አስተማሩት። ከዚያ ቆም ብዬ የጻፍኩትን አየሁት። ግሶቹ ሁሉ በ«ት» ያልቃሉ! ተሳሉት፣ ሰጡት፣ አስተማሩት። በዛብህ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አለ፤ ግን ባለቤት ሆኖ አይደለም፣ ተሳቢ ሆኖ ነው። ሌላው ያደርጋል፣ እሱ ይደረግበታል። ሰዋስው ስንማር «ባለቤት» እና «ተሳቢ» የሚባሉት ለፈተና ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

ይህን ካየሁ በኋላ የምፈልገው ጥቅስ ተለወጠ። ስለ ማደግ የሚያወራ ዓረፍተ ነገር መፈለግ ተውኩ። የምፈልገው ሰውየው ከተሳቢነት ወደ ባለቤትነት የሚያልፍበትን ቦታ ሆነ። ለማለፍ የሚሞክርበትንና የሚያቅተውንም ጭምር።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ጥቅሴ ወላጆቹ የተሳሉበት ቦታ ሆነ። በዛብህ እዚያ ጋ አንድም ቃል አይናገርም፣ ሕፃን ነው። ግን የታሪኩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው፤ ሕይወቱ በሌላ ሰው አፍ ቃል ተገብቶበታል። ወላጆቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሚወዱትን ልጅ እንዳያጡ ፈርተው ነው ያደረጉት። ይሄን ሳነብ አያቴ ትዝ አለኝ። አያቴ በልጅነቱ ደረሳ ነበር። አባቱ ለዲን ትምህርት ሰጥቶት፣ ከሼክ ወደ ሼክ እየዞረ፣ እንደ አብሬት ያሉትን ስመ ጥር የትምህርት ቦታዎች ሁሉ እያየ ነው የቀራው። የጎጃሙ የቆሎ ተማሪና የጉራጌው ደረሳ በሃይማኖት ይለያያሉ እንጂ መንገዱ፣ ረኃቡና ከእናት ቤት መራቁ አንድ ነው። ሁለቱንም «ሂድ» ያላቸው ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥቅሴ በዛብህ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ከገባ በኋላ በውስጡ የሚታገልበት ቦታ ነው። ወላጆቹ የተሳሉት ስለት በአንድ በኩል፣ የራሱ ልብ በሌላ በኩል ይጎትቱታል። ቀድሞ «ፍቅር» ብዬ ብቻ ያለፍኩት ቦታ አሁን ሌላ ሆኖ ታየኝ። እዚህ ላይ በዛብህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሎች የወሰኑለትን ነገር «እኔስ ምን እላለሁ?» ብሎ ለራሱ ይጠይቃል። መልሱ ገና አልመጣም። ጥያቄው ግን የራሱ ነው።

ሦስተኛው ጥቅስ ላይ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። መጀመሪያ የበዛብህን ሽሽት ላደርግ ነበር። ነገር ግን በደንብ ሳየው በዛብህ የሚሸሸው ምስጢሩ ወጥቶ፣ አደጋ መጥቶበት፣ ጉዱ ካሳም ረድቶት ነው። ማን ወሰነ ቢባል ግማሹን ፍርሃት፣ ግማሹን ጉዱ ካሳ። እሷስ? ሰብለ ወንጌል እንደ በዛብህ በተሳቢነት የኖረች ልጅ ናት። አባቷ ለዘሯ የሚመጥን የለም እያለ ባል ይመልስባታል፤ በኋላም ሊድሯት ይዘጋጃሉ። እሷን ማን ጠየቃት? ማንም። በመጨረሻ ግን የአባቷን ቤት ትታ፣ ማንነቷን ደብቃ፣ በማታውቀው መንገድ በዛብህን ፍለጋ የምትወጣው እሷ ናት። ላከቻት የሚባል እናት የለም፣ ወሰዳት የሚባል አጎት የለም። ወጣች። «ት» የሌለበት ግስ! ስለዚህ ሦስተኛ ጥቅሴ የሰብለ መውጣት ሆነ። በእኔ አመለካከት በዚህ ልቦለድ ውስጥ የማደግን መንገድ እስከ ጫፉ የሄደው በዛብህ አይደለም፣ ሰብለ ናት። ዋናው የቆሎ ተማሪው ነው ብለን ስንጀምር እሷን እናልፋታለን። መጨረሻው ሐዘን መሆኑም ይህን አይለውጠውም። ማደግ ማለት ነገሩ ይሳካልሃል ማለት አይደለም።

እዚያው ጓሮ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ አባቴ መጣና አጠገቤ ቆመ። ሽፋኑን አይቶ «ይሄን አውቀዋለሁ» አለኝ። ገረመኝ። አባቴ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። «ሱቅ ውስጥ በሬዲዮ እንሰማው ነበር» አለ። ለካ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ አባቴ መርካቶ ለሰው የሚሠራ ልጅ ነበር። ትረካው ሲጀምር ባለሱቁም ተላላኪውም ዝም ብለው ያዳምጡ እንደነበር ነገረኝ። «ያ ልጅ፣ ደብተራው፣ ያሳዝናል» አለኝ።

አጋጣሚው ይኸው ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ። «አባባ፣ ወንድሜን ጠየቃችሁት?» አልኩት። እሱን ብቻ የከሰስኩ እንዳይመስል «ጠየቃችሁት» ብዬ እናቴንም አጎቴንም ጨመርኩ። ቤታችን የምንነጋገረው በመስቃንኛ ስለሆነ እዚህ ያለው የእኔ ትርጉም ነው፣ ቃል በቃል ጥቅስ አይደለም። ጥቅስን ስንተረጉመው የእኛ ድምፅ እንደሚገባበት መናገር አለብን ብዬ ስለማምን ነው።

አባቴ መጀመሪያ እንሰቱን አሳየኝ። «ይሄ ከቦታው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ካልተተከለ ያድጋል?» አለኝ። እውነቱን ነው። እንሰት በችግኝነቱ አንዴም ሁለቴም ይነቀላል፣ ይዛወራል፣ ከዚያ ነው ለዓመታት ቆይቶ ለምግብ የሚደርሰው። ጉራጌም ልጁን ወደ ከተማ የሚልከው በዚህ ስሌት ነው። ሊስትሮ ሆኖ ጀምሮ ባለሱቅ የሆነ፣ ወንድሞቹን ያስተማረ፣ ለአገሩ መንገድና ትምህርት ቤት ያዋጣ ብዙ ነው። እኔም የምማረው በዚያው ገንዘብ ነው። «እንሰቱ አይናገርም፣ ልጁ ግን ይናገራል» አልኩት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለ።

ቁጣ አልነበረበትም። ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። እኔ አንድም ቀን ለእሱ ተናግሬ የማላውቀውን እሱም አንድም ቀን ለአባቱ ተናግሮ አያውቅም ማለት ነው። ሦስት ዓመት መርካቶ መላኬን በልቤ የያዝኩት በአንድ ሰው ላይ ነበር፤ ያ ሰው ራሱ ግን የተላከ ልጅ ነው። ደረሳው አያቴ፣ ባለሱቁ አባቴ፣ እኔ፣ አሁን ደግሞ ወንድሜ። አራታችንም በ«ት» የሚያልቅ ግስ ውስጥ።

ማታ ወንድሜን ጠሩት። አጎቴም ነበር። አባቴ ራሱ ጠየቀው። እኔ «አልሄድም፣ እማራለሁ» እንዲል ጠብቄ ነበር። ልቤም ይመታ ነበር። ወንድሜ ግን መሬት መሬት እያየ «መሄድስ እፈልጋለሁ። ግን የስምንተኛን ፈተና ልፈተንና፤ ማታ ማታም ልማር» አለ። አጎቴ እሺ አለ። በቃ፣ ነገሩ እንዲህ አለቀ። እውነቱን ለመናገር አልተደሰትኩም። የማታ ትምህርት ሱቅ ውስጥ ለሚውል ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ አውቃለሁ። ቢሆንም ውሳኔው የእኔ አልነበረም። እኔም ብሆን «አይሄድም» ብዬ ልወስንለት ነበርኮ የተዘጋጀሁት!

ወደ ወልቂጤ ተመልሼ ሥራውን እንደገና አስገባሁ። 16 አገኘሁ። መምህሩ የቀነሱብኝ የሰብለን ክፍል በአጭሩ በማለፌ ነው፤ ልክ ናቸው። ከዚያ ደግሞ አንድ ሌላ መጽሐፍ ጠቆሙኝ። የእኛው አገር ሰው ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ስለ አንድ ጉራጌ ልጅና ስለ መንደሩ በቸሃ ቋንቋ የጻፈው «የሺነጋ መንደር» ነው። ይህ ጽሑፍ በቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። እንግዲህ አስቡት፤ የወልቂጤና የእምድብር አካባቢ ልጅነት በእንግሊዝኛ ታትሞ ባሕር ማዶ ሲነበብ፣ እኛ የአካባቢው ልጆች ደግሞ ስለ ማደግ ለመጻፍ መጀመሪያ ወደ ጎጃም ሄድን። ጎጃም መሄዳችን ክፉ አይደለም፤ በዛብህ ለአባቴም ደርሶታል። ግን ከእንግሊዝኛው ስንጠቅስ አንድ ነገር እንጠንቀቅ። በአማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «አንቱ»፣ «እርስዎ» እያልን የምንለየውን እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ይጨፈልቀዋል። አንድ ልጅ «አንተ» ሲባል ኖሮ «አንቱ» የተባለበት ቀን ትልቅ የማደግ ምልክት ነው። በትርጉም ውስጥ ያ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

ለታናናሾቼ፣ በተለይ ዘንድሮ ይህን ኮርስ ለምትወስዱ፣ ከስምንት ወደ አሥራ ስድስት ያደረሱኝን ሦስት ጥያቄዎች ትቼላችሁ ልሰናበት። ጥቅሱን ማን ለማን ተናገረው? በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ልጁ ባለቤት ነው ወይስ ተሳቢ? ከዚያ ቃል በፊትና በኋላ ምን ተለወጠ? እነዚህን ያልመለሰ ጥቅስ የቱንም ያህል ቢያምር ወረቀታችሁ ላይ ጌጥ ነው።

ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ከመርካቶ ደውሎልኝ ነበር። የማታ ዘጠነኛ ክፍል ተመዝግቧል። የአማርኛ መምህራቸው የቤት ሥራ ሰጥተዋቸው «ጥቅስ ማለት ምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አባታችን ጓሮ የተናገረውን ነገርኩት።

ቸር ይግጠመን።